የክንክራኦሷ ፌቤን



ሐዋርያው ጳውሎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ57 ዓ.ም. ገደማ ለሮሜ ክርስቲያኖች በላከው መልእክት፣ በ16ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አደራ የሚላቸው ስለ አንዲት ሴት ነው። ይህች ሴት ፌቤን ናት። የቆሮንቶስ ወደብ በሆነችው በክንክራኦስ ለነበረችው ቤተ ክርስቲያን «ዲያቆኖስ» ይላታል፤ ይኸውም የግሪክ ቃል እርሱ በሌላ ስፍራ ራሱን የጠራበት ነው። በብዙ ቋንቋ የሠሩ ተርጓሚዎች ግን ቃሉን ለወንድ ሲሆን «ዲያቆን»፣ ለፌቤን ሲሆን «አገልጋይ» ብለው አልፈዋል። እርግጥ ነው፤ በዚያ ዘመን ማዕርጉ እንደ ኋለኛው ጊዜ ተለይቶ አልተወሰነም ነበር። ቢሆንም ለአንዱ የሰጡትን ስም ለሌላዋ መንፈግ ፍርድ ማጓደል ይመስለናል። ለብዙዎችና ለራሱም ደጋፊ እንደ ነበረች ጳውሎስ መስክሮላታልና።

ሁለተኛው ምስክር ከወዳጅ ወገን አይደለም። በታናሽ እስያ የነበረው የሮማ አገረ ገዥ ፕሊኒዮስ፣ በ112 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የክርስቲያኖችን ምስጢር ለማወቅ ሁለት ሴቶች ባሮችን በሥቃይ እንደ መረመረ ይናገራል። ክርስቲያኖቹ እነዚህን ባሮች የሚጠሯቸው በአገልጋይነት ማዕርግ መሆኑንም ይገልጻል። ማዕርጋቸውን ጻፈ፤ ስማቸውን ግን አልጻፈም።