በመዓት ጊዜ ስለሚያስፈልገው የአስታማሚ ዕውቀት
ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ



የውኃ ሙላት ወይም ጦርነት ሕዝብን ከቀዬው ባፈናቀለ ጊዜ፤ ከሞት ያመለጠውን ሰው ብዙ ጊዜ ኋላ የሚከተለው በሽታ ይደርስበታል። የመጸዳጃው ፍሳሽ ከምንጩና ከጉድጓዱ ይቀላቀላል፤ ሰውም ባንድ ስፍራ ተጨናንቆ ያንኑ ውኃ ይጠጣል። ከዚህ ከሚነሡት በሽታዎች የሚያስፈራው ኮሌራ ነው፤ በቀድሞ ዘመን አንዳንዶች ፈንግል ይሉት ነበር። ኮሌራ የጸናበት ሰው ካልተረዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሚገድለውም በተቅማጥና በትውከት ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ሳይተካ ሲቀር ነው።

በ1963 ዓ. ም.፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1971፤ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው፤ ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው አገር ጦርነት ተነሥቶ 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደ ህንድ ተሰደደ። ዝናሙ በበረታ ጊዜ ኮሌራ በስደተኞቹ ሰፈር ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው የሕፃናት ሐኪም ከካልካታ ተነሥቶ፤ በድንበር አጠገብ ወዳለችው ወደ ቦንጋዎን ከተማ በሰኔ ወር ደረሰ። ሆስፒታሉ ሁለት ክፍልና 16 አልጋ ብቻ ነበረው፤ አልጋ ያላገኙት ሕሙማን በወለሉ ላይ ተኝተው ነበርና ሐኪሙ መርፌ ለመስጠት በትውከትና በተቅማጥ መካከል ይንበረከክ ነበር። በዚያን ዘመን የታወቀው ሕክምና በደም ሥር የሚገባ የጨው ውኃ ነው፤ ይህም ንጹሕ መርፌና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሁለቱም ከበሽተኛው ብዛት ጋራ ሊመጣጠኑ አልቻሉም።

ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠጣ መድኃኒት ሊሰጥ ቈረጠ። ላንድ ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ የሚባለው ስኳር፤ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፤ 2.5 ግራም ሶዳ በካልካታ እየተመዘነ በላስቲክ ከረጢት ታሸገ፤ በሰፈሩም በትልልቅ በርሜል ውኃ ተበጠበጠ። ያጠጡት አስታማሚዎች ብቻ አልነበሩም፤ እናት ለልጇ፤ ወንድም ለወንድሙ በኩባያ እየቀዳ አጠጣ። አስቀድሞ ከመቶው በሽተኛ ከ20 እስከ 30 ይሞት ነበር፤ በዚህ መድኃኒት ከተረዱት ከ3000 በላይ ሕሙማን ግን የሞቱት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም።

የነገሩ ምሥጢር ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በሊቃውንት ተመርምሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ተቅማጥ ጊዜ አንጀት ጨውን ለብቻው ቢሰጡት እንደሚገባ አይቀበልም፤ ስኳር አብሮት ሲመጣ ግን ሁለቱን ባንድ በር ያስገባቸዋል፤ ውኃም ይከተላቸዋል። ኮሌራ ይህን በር አይዘጋውም። ሆኖም ብዙ የተማሩ ሐኪሞች ማመን ከበዳቸው፤ ምናልባት ነገሩ እጅግ ቀላል መስሎ ስለ ታያቸው ይሆናል። በ1970 ዓ. ም. ግን ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ይህን ግኝት ከዘመኑ የሕክምና ግኝቶች ሁሉ የሚበልጥ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ።

ከዚህ ታሪክ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው የልኩ ነገር ነው። ሐኪሙ ማጠጣቱን ለእናቶች ሲተው መመዘኑን ግን አልተወም። ጨው የበዛበት መጠጥ ከሰውነት ውኃን ይስባልና ሊጠቅሙት ያሰቡትን ሕፃን ይጐዳል። ዛሬ ኦ. አር. ኤስ. የሚባለው የታሸገ ቅመም አንዱ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ላንድ ሊትር ውኃ የተሠራ ነው፤ በከረጢቱም ላይ ተጽፏል። ግማሹን ከረጢት ባንድ ኩባያ መበጥበጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ታሽጎ የሚሸጠው ቅመም ባይገኝ፤ ባንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ሳይከመር አፉ ተስተካክሎ፤ ይበጠበጣል። ውኃው በጎርፍ ጊዜ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። መምህሩ አንድ ሊትር የሚል ጽሕፈት ያለበትን የላስቲክ ጠርሙስ፤ ሰው ሃይላንድ የሚለውን፤ በክፍሉ አኑሮ፤ ልጆች የየቤታቸውን ጣሳና ቅል በእርሱ እንዲለኩ ቢያደርግ ከሒሳብ ትምህርቱ ምንም አይጐድልበትም።

ሌላው ችግር ከሽማግሌዎች ቃል በቀር የሚፈታው የለም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቢጠጣ ይብስበታል ብለው ውኃና ጡት የሚከለክሉ ቤቶች አሉ። በእርግጥ ይህ መጠጥ ተቅማጡን ወዲያው አያቆመውም፤ ስለዚህም መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ የሚተውበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሥራው የወጣውን መተካት እንጂ መውጫውን መዝጋት አይደለም። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፤ ከፍ ያለው ልጅ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ይጠጣ፤ ትልቅ ሰው የቻለውን ያህል ይጠጣ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው፤ ጡትም አይቋረጥም። አስታማሚው እዳሪውን ካነሣ በኋላ እጁን በሳሙና፤ ሳሙና ቢጠፋ በዐመድ ይታጠብ፤ አለዚያ በሽታውን ለራሱና ለጎረቤቱ ይዞ ይሄዳል።

ዐይኑ የጎደጎደ፤ አፉ የደረቀ፤ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፤ የሆዱ ቆዳ ሲቈነጠጥ ቶሎ የማይመለስ ሕፃን ውኃው እጅግ አልቆበታልና ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አቅሉን ለሳተ ሰው በግድ ማጠጣት አይገባም፤ ውኃው ወደ ሳንባው ይገባልና፤ ለእርሱ በደም ሥር የሚሰጠው ያስፈልገዋል። መዋጥ የሚችለውን ግን በቃሬዛ ላይ ሳለ እንኳ ጤና ጣቢያው እስኪደርስ ድረስ በማንኪያ ያጠጡት። የተበጠበጠውም መጠጥ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና ሌላ ይበጥበጥ።