ቤታችን ስንት ያወጣል? ሰፈራችንስ?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቁጠባና ብድር ኮሚቴ የቀረበ ንግግር



የዛሬውን ርዕስ ያመጣችልን አንዲት አባላችን ናት። አምና አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ኮሚቴያችን መጣች። ከባለቤቷ ጋር ተለያይተው ንብረት እየተካፈሉ ነበር። ያላቸው ትልቁ ሀብት አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለሁለት መኝታ ቤት ነው። እሱ «ግማሽሽን ልስጥሽና ቤቱን እኔ ልያዝ» ብሎ ያቀረበው ሒሳብ ዕጣ በወጣላቸው ጊዜ የተዋዋሉበትን ዋጋ ለሁለት የከፈለ ነበር። «እናንተ የሒሳብ ሰዎች ናችሁ፤ ይህ ትክክል ነው?» ብላ ጠየቀችን። ታሪኩን የምንናገረው እሷ ፈቅዳልን ነው።

ትክክል አልነበረም። በእኛ ሙያ መዝገብ ንብረትን በተገዛበት ዋጋ ይይዛል፤ ገበያ ግን መዝገብ አያይም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ዋጋ ደግሞ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው እንዲችለው ተብሎ በመንግሥት የተደገፈ ነው። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች የተለየውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ስለዚህ የያኔው ዋጋ ዛሬ ቤቱ የሚያወጣውን አይነግረንም።

እኛም ቸኩለን ተሳሳትን። ሦስት ደላሎች ዘንድ ደውለን የጠሩልንን ዋጋ አማካኝ ወሰድንና ትልቅ ቁጥር ሰጠናት። ደስ አላት፤ እኛም ደስ አለን። በሳምንቱ ግን ተመልሳ መጣች። «አስቤበታለሁ፤ ልጆቼን ይዤ እዚያው መቅረት ነው የምፈልገው። የእሱን ድርሻ እኔ ልክፈለው» አለች። ያን ጊዜ ያ ትልቅ ቁጥር በራሷ ላይ ዞረ። ተቀባይ ስትሆን የጠቀማት ግምት ከፋይ ስትሆን ሊያስይዛት ሆነ። ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር ነው፦ ዋጋ ስንገምት ሻጭ እንሁን ገዢ ሳንለይ የምንቆምበትን ቁጥር መፈለግ አለብን። ስለዚህ እንደገና ጀመርን።

መጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ትተን የተከፈለውን ፈለግን። ደላላ የሚጠራው ሻጩ የሚመኘውን ነው። እዚያው ብሎክና አጠገቡ በቅርብ የሸጡና የገዙ ሰዎችን በእድርተኞች በኩል አገኘን። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋም አንዳንዴ ከተከፈለው ያንሳልና ሁለቱንም ወገን ጠየቅን። ከዚያ ስፋቱን በካሬ አመሳከርን፤ ካርታው ላይ ያለውን እንጂ የወሬውን አልያዝንም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ይረክሳል፤ ውሃም ወደ ላይ ለመውጣት ይሰንፋል። የባንክ ዕዳ ካለ ይቀነሳል። ለሴራሚክና ለቁም ሳጥን ያወጣነው ገንዘብም ሁሉ ተመልሶ አይመጣም፤ ገዢው የራሱ ምርጫ አለውና።

ሁለተኛ ቁጥሩን በኪራይ ፈተንነው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ቤት በወር 15,000 ብር ይከራያል እንበል። በዓመት 180,000 ይሆናል። አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 15,000፣ ለጥገናና ለጋራ ወጪ ሌላ 15,000 ብንቀንስ 150,000 ይቀራል። ያ ቤት በ3 ሚሊዮን ብር ከተሸጠ ገዢው የከፈለው የ20 ዓመት የተጣራ ኪራይ ነው። የእኛ ቤት በዓመት 120,000 የሚያስቀር ከሆነ በዚያው ልክ 2.4 ሚሊዮን ያወጣል። የንጽጽሩና የኪራዩ ቁጥር በጣም ከተራራቁ አንዱ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

ሦስተኛ ሰፈሩን በእግራችን ዞርነው። በአገራችን ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት በግል አይሸጥም፤ የምንሸጠው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ቦታው ግን በቤቱ ዋጋ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይሸጣል። ልደታና ቱሉ ዲምቱ ያሉ ሁለት እኩል ቤቶች ዋጋቸው የሚለያየው በሲሚንቶው አይደለም። ልደታ መሀል ከተማ ነው፤ ከጦር ኃይሎች አያት የሚሄደው ባቡርም ያልፍበታል። ከቱሉ ዲምቱ ግን መሀል ከተማ ለመድረስ የሚሄደው ጊዜና የታክሲ ብር በየቀኑ ይቆጠራል።

ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲውን ሰልፍ አየን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከታክሲ ማውረጃው እስከ ብሎኩ ድረስ ሄድን፤ መብራት አለ ወይ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ትሄድበታለች ወይ ብለን። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጎርፉ በየት እንደሄደ ተመለከትን። ጥበቃውንና ጉሊት የምትቸረችረውን ሴት ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቅን። ደረጃው ላይ የተደረደሩት ጀሪካኖችም ከደላላው ይልቅ እውነቱን ነግረውናል።

በዚህ መንገድ ያገኘነው ቁጥር ከባለቤቷ ሒሳብ እጅግ የበለጠ፣ ከእኛ ከመጀመሪያው ግምት ደግሞ ያነሰ ሆነ። ሽማግሌዎች ፊት ወረቀቱን ዘርግተን እያንዳንዱን መስመር አስረዳን። ባለቤቷም የሚያውቃቸውን ሻጮች ራሱ ጠይቆ አመሳከረና ተስማማ።

አንድ ነገር ግን ከስሌቱ ውጭ ቀርቷል። ልጆቿ ትምህርት ቤት በእግር ይሄዳሉ። ሲመሽባት ልጆቿን የምትቀበልላት ጎረቤት አለቻት። እናቷ ያረፉ ጊዜ ድንኳን የተከለላት እድር እዚያ ነው። ይህን ገዢ አይከፍልበትም፤ እሷ ግን ብትወጣ ታጣዋለች። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ጻፍን፦ ቤቱ ለገበያው የሚያወጣው እና ለእሷ የሚያወጣው። ድርሻ የምንካፈለው በመጀመሪያው ዓምድ ነው፤ እንቅር ወይስ እንውጣ የምንለው ግን በሁለተኛው ነው።

እኅታችን ቀረች። የእሱን ድርሻ በከፊል ከዘመዶቿ፣ በከፊል እናንተ ደጋፊዎቻችን ካጠናከራችሁት የብድር ሣጥናችን ወስዳ በየጊዜው ትከፍላለች። ዕዳው ገና አላለቀም፤ ክፍያዋ ግን እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

እኅቶቻችን፣ ይህን ሥራ ችግር ሳይመጣ በፊት እንሥራው። የካርታውንና የውሉን ቅጂ፣ የባንክ ክፍያ ደረሰኞችን ጭምር ሌላ ቦታ እናስቀምጥ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም ይላል፤ ሳናነብና ሳንገምት ግን አንፈርም። በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በመስከረም፣ የቤታችንን ሁለት ዓምድ እንጻፍ። የሚከብዳት ካለች ኮሚቴያችን አብሯት ይቀመጣል።