ብድሩ ለምንድን ነው?

የአንዱን አድማጭ ጥያቄ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ያንኑ ይዞ ይደውላል፤ «ባንክ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ወለደ፤ ኃጢአት ሆኖብኝ ይሆን?»

እስቲ የመጽሐፍ ቅዱሱ ሕግ ስለ ማን እንደሚናገር እንይ። ዘጸአት 22ም ዘሌዋውያን 25ም ወለድን ሲከለክሉ ፊታቸው የቆመው የደኸየ ወገን ነው። ለንግድ ማስፋፊያ አልመጣም፤ ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ አጥቶ ነው የመጣው።

ነህምያ ምዕራፍ 5ን የምወደው ለዚህ ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር እየተሠራ ሕዝቡ ይጮኻል። በራብ ዘመን እህል ለማግኘት እርሻውን፣ ወይኑንና ቤቱን አስይዟል፤ ለንጉሡ ግብር ተበድሯል፤ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቷል። አበዳሪዎቹ ደግሞ የገዛ ወገኖቹ ናቸው! ነህምያ ተቆጣ። ጉባኤ ጠርቶ የያዙትን ርስት እንዲመልሱ፣ ከመቶ አንድ የሚወስዱትንም እንዲተዉ ካህናት ባሉበት አስማላቸው። እሱም በገዥነቱ 12 ዓመት ሙሉ የሚገባውን ቀለብ ሳይወስድ ኖረ።

ከመቶ አንድ ነው ያስቆጣው፤ ልብ በሉልኝ። ስለ ባንክ ወለድ እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ልጁን ለሚያሳክም ጎረቤት በአራጣ የምታበድሩ ግን አላችሁ። እወዳችኋለሁና እቆጣችኋለሁ፤ ይሄ ደግ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ አራጣም በወንጀል ያስጠይቃል።

ደግሜ ልበለው፤ የወለዱን ልክ ከመቁጠራችሁ በፊት ሰውየው ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው ጠይቁ። ሊነግድበት ከሆነ በውል ተስማሙ፤ ሊበላበት ወይም መድኃኒት ሊገዛበት ከሆነ ዋናውን ብቻ ተቀበሉ።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፣ ቶሎ ልበል። ስለ መያዣ ለጠየቃችሁኝ፦ ዘዳግም 24 የሰው ወፍጮና መጅ በመያዣ እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ መተዳደሪያው ነውና። ዛሬ የልብስ ስፌት መኪናውን ወይም ባጃጁን የምትይዙበት ሰው በምን ሠርቶ ይክፈላችሁ?

በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው ስለሚያዘው ሕግ ደግሞ፦ ዓመቱ ሲቃረብ ባለጠጎች ማበደር ፈሩ፤ ዘዳግም 15 ይህን አስቀድሞ አይቶ አስጠንቅቆ ነበር። በኋላም የአይሁድ መምህር ሂሌል ብድሩ በፍርድ ቤት በኩል እንዳይሰረዝ የሚያደርግ ሰነድ ሠራ፤ ድሃው አበዳሪ እንዳያጣ ብሎ። እሱን ሳምንት እንቀጥላለን።