ስማችንን ያስጻፉን እናት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ከሳቸው ፊደል በቆጠሩ እናቶች ስም የተነበበ)



በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን መምህርት ልናስባቸው በፊታችሁ ቆመናል። ሙሉ ስማቸው በእድሩ መዝገብ ላይ በገዛ እጃቸው ተጽፎ ይገኛል፤ እኛ ግን እንደ ለመድነው «የኔታ» እንበላቸው። የኔታ የሚባሉት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው፤ ለሴት ሲባል ሰምተን አናውቅም ነበር። ለሳቸው ግን ማን እንዳወጣው እንኳ ሳይታወቅ ስሙ ጸና።

የኔታ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ አራት ልጆች በእጃቸው ቀሩ፤ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ጠዋት ፈረቃቸውን አስተምረው ይመለሳሉ፤ ከሰዓት የቤታቸውን ሥራ ይሠራሉ፤ ማታ ደግሞ እንጀራ ጋግረው ለሻይ ቤት ያስረክባሉ። የአስተማሪ ደመወዝ ብቻውን አራት ልጅ አያሳድግማ! እንዲያም ሆኖ ልጆቻቸው ያለ ደብተር ትምህርት ቤት ሲሄዱ አንድም ቀን አላየንም። የባላቸው ሐዘን እንዳበቃም ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄደው፣ በባላቸው ስም «ከነባለቤቱ» ተብሎ የተመዘገበው እንዲታረምና የገዛ ስማቸው እንዲገባ ጠየቁ። ተፈቀደላቸው። እስክሪብቶውን ተቀብለው ራሳቸው ጻፉት።

በ1970 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸውን ቀይ ሽብር ነጠቃቸው። እንደምታስታውሱት በዚያ ዘመን እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ጥሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳንም አልተተከለም። እኛ ሴቶቹ ወንፊት የምንዋስ፣ እሳት የምንጭር መስለን አንድ በአንድ እየገባን፣ አጠገባቸው ጥቂት ተቀምጠን እንወጣ ነበር። ድምፅ ሳይሰማ ተለቀሰ። በአራተኛው ቀን ጠመኔያቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ልባቸው ደነደነ ያለ ሰው ነበር። አልደነደነም፤ የቀሩት ሦስቱ ልጆች መብላት ነበረባቸው፣ የክፍሉ ልጆችም ይጠብቋቸዋል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ካገራችን ሰው ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ማንበብ የማይችል ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በቀበሌያችን አዳራሽ እኛን እንዲያስተምሩ የተመደቡት የኔታ ነበሩ። ልጅዎን የበላ መንግሥት ባወጀው ዘመቻ እንዴት አስችሎዎት ያስተምራሉ ብለን ጠየቅናቸው። ፊደሉ የመንግሥት አይደለም አሉን፤ ሌላ አልጨመሩም።

አስተማሪነታቸውስ! ከፊደል ገበታው በፊት የየራሳችንን ስም ነበር የሚያስጽፉን። እርሳስ ያለመደ እጅ አጥብቆ ይጨብጥና ጫፉን ይሰብራል፤ ስለዚህ ሰፌድ ላይ ዱቄት ነስንሰው በጣታችን አስጀመሩን። ስንሳሳት ሰፌዱን ወዝወዝ ማድረግ ነው፤ ይጠፋል፣ ማንም ሳያይብን እንደገና እንጀምራለን። ሕፃን ያዘለች እንዳትቀር የራሳቸው ሴት ልጅ አዳራሹ ደጅ ላይ ልጆቻችንን ትይዝ ነበር። ፈተናውን አልፈን የምስክር ወረቀት የተቀበልን ዕለት ከኛ ይልቅ እሳቸው ነበሩ እልል ያሉት።

ከዚያ በፊት እድሩ ዘንድ ስንመጣ አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን ነበር የምንፈርመው። ቀለሙ ታጥቦ እስኪለቅ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሊጥ ስናቦካ እናፍር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስማችንን እየጻፍን መፈረም ጀመርን። ትንሽ ነገር ይመስላል እኮ፤ ለኛ ግን ትልቅ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ የኔታን ማሰብ እንባ ብቻ ከሆነ ሥራቸው ይቀራል። መዝገባችን ዛሬም በብዙ ገጽ ላይ «ከነባለቤቱ» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር፤ ያ ግን በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ተሽሮ ባልና ሚስት በቤተ ሰቡ አስተዳደር እኩል ሆነዋል። አምና ከመካከላችን የአንዷ ባል ሩቅ አገር ሞቶ፣ ካርዱ በሱ ስም ስለ ነበር፣ ሚስቱ መሆንሽን የሚያስረዱ ሦስት ምስክሮች አምጪ ተብላለች። ሠላሳ ዓመት መዋጮውን በየወሩ ያመጣችው ማን ነበረች? በየለቅሶው ንፍሮ የቀቀለችው፣ እንጀራ የጋገረችው ማን ነበረች?

ስለዚህ ይህ ጉባኤ ሳይበተን አንድ ውሳኔ እንዲያሳልፍልን እንለምናለን፦ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከባልየው ስም ጎን የሚስትየዋ ሙሉ ስም ይግባ፤ መጻፍ የምትችልም በገዛ እጇ ትጻፈው። ወጪው ጥቂት ቀለም ነው። ለየኔታ ከዚህ የሚበልጥ ተዝካር እኛ አናውቅም።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።