በኮሪያ ወሰን ላይ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም፣ በካርታ ላይ አዲስ መስመር ተሠመረ። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች የዚህ ዓይነቱን ሥራ እናውቀዋለን። ዶሴው ካንዱ መዝገብ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ማኅተሙ ይለወጣል፤ ባለጉዳይም ጥቂት ቀን ይጉላላል። ነገር ግን አያት የምትኖር እናት ገርጂ ያለችውን ልጇን ለመጠየቅ ብትነሣ፣ ወዴት ትሄጃለሽ ብሎ የሚያቆማት ዘበኛ የለም። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት እንደዚሁ በጠረጴዛ ላይ ስለተሠመረ፣ ነገር ግን እናትን ከልጅ ስለለየ አንድ መስመር ነው። ይኸውም የኮሪያ ወሰን ነው።

የመስመሩ ታሪክ አጭር ነው። ኮሪያ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ኖራ፣ በነሐሴ 1937 ዓ.ም. ጃፓን ድል ስትሆን የሶቪየት ጦር ከሰሜን እየገፋ መጣ። በዋሽንግተን ሁለት የጦር መኰንኖች፣ ዲን ረስክና ቻርልስ ቦንስቲል፣ የሁለቱን ኃያላን የጦር ክልል የሚለይ መስመር በሌሊት እንዲያቀርቡ ታዘዙ። የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነበረ፤ በእጃቸው የነበረውም የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ነው። እነርሱም በ38ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ወንዝ አልተከተለም፤ ተራራም አልተከተለም፤ የሰው መንደርና የእርሻ ማሳ እንደ ዳቦ ተቈረጠ። ከሁለቱ አንዱ፣ ረስክ፣ ኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። ለጊዜው የተባለው መስመር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የሁለት መንግሥታት ድንበር ሆነ፤ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦር በተሻገረው ጊዜም ጦርነቱ ተጀመረ።

አገራችን ወደዚህ ጦርነት የገባችበትን ምክንያት ብዙ አድማጮች ያውቁታል፤ ቢሆንም ደግሞ መናገሩ አይከፋም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ሊረዳን አልፈቀደም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት በሰኔ በጄኔቭ ቆመው የተናገሩት ስለዚሁ ነበረ። እንግዲህ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ለተጠቃ አገር ጦር ላኩ ብሎ ሲጠይቅ፣ እንቢ ብትል ኢትዮጵያ በጄኔቭ ያሰማችውን አቤቱታ ራሷ ባፈረሰች ነበር። ተዋጊ ጦር ከላኩት ዐሥራ ስድስት መንግሥታት መካከል ከአፍሪካ እግረኛ ሠራዊት ያዘመተች ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ጦሩም ከክብር ዘበኛ ተመርጦ፣ ራስ መኰንን በዐድዋ ዘመን ይቀመጡበት በነበረው ፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ወደብ ደረሰ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ሻለቃው በየጊዜው እየተተካ ከ3 ሺህ 500 የሚበልጡ ወታደሮች ተዋጉ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደዚያ አገር በሄድሁ ጊዜ አንድ ቀን ፈቃድ አግኝቼ ወሰኑን ልይ ብዬ ተነሣሁ። ከሴኡል ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ኢምጂንጋክ ከሚባል ስፍራ ይደረሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞጆ የመሄድን ያህል እንኳ አይርቅም። መንገዱ በወንዝ ዳር ነው፤ በወንዙና በመንገዱ መካከል እሾሃማ ሽቦ ተዘርግቷል፤ በየርቀቱም የዘበኛ ማማ ቆሟል። ከሽቦው ወዲህ አውቶቡሶች፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት መናፈሻና አይስክሬም ሻጭ አሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ጨዋታ መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ሰባ ዓመት ሙሉ እያለቀሰ የሚኖር ሕዝብ የለም።

በዚያ ስፍራ ያየሁት መጀመሪያው ነገር የተበሳሳ ባቡር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ተመትቶ በወሰኑ ቀጠና ውስጥ ዝጎ የኖረ የእንፋሎት ባቡር ራስ ሲሆን፣ የጥይቱ ቀዳዳ ተቈጥሮ 1 ሺህ 20 ሆኗል። ከእርሱ አለፍ ብሎ ከድንጋይ የተሠራ መሠዊያ አለ፤ ስሙ ማንግቤዳን ይባላል። አገራቸው በሰሜን የቀረባቸው ሰዎች በዓመቱ መባቻና በመከር በዓል ወደዚያ መጥተው፣ ምግብ አቅርበው፣ የወላጆቻቸው መቃብር ወዳለበት ወደ ሰሜን ዞረው ይሰግዳሉ። የመከር በዓላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ መስቀል ጋር ይቀራረባል። ለመስቀል ወደ ጉራጌ አገር የሚወጣው ሰው ቡታጅራ ላይ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ ቢባልና፣ በዚያው ቆሞ ወደ አባቱ ቤት አቅጣጫ እየሰገደ በዓሉን ቢያከብር ምን ይሰማው ነበር? ይህን በዓል እንዲህ እያከበሩ ያረጁ፣ ያረፉም ብዙዎች ናቸው።

ከመሠዊያው በስተኋላ የነፃነት ድልድይ የሚሉት አለ። ርዝመቱ 83 ሜትር የሆነ የእንጨት ድልድይ ነው፤ ለዓይን የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በፓንሙንጆም የተኩስ ማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ምርኮኞች ተለዋወጡ፤ ከሰሜን የተመለሱት ከ12 ሺህ 700 የሚበልጡ ሰዎችም በዚህ ድልድይ ተሻግረው ወጡ። አሜሪካኖች፣ እንግሊዞች፣ ቱርኮች፣ ከሁሉም በላይ ኮሪያውያን ነበሩ። ከእነዚያ ሁሉ መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ከቃኘው ሻለቃ የተማረከ ሰው ስለሌለ፣ የሚመለስ አልነበረም።

ይህን ነገር ብዙዎቻችን እንደ ፉከራ እንሰማዋለን፤ እንደ ፉከራም እናወራዋለን። በድልድዩ ላይ ቆሞ ለሚያስበው ሰው ግን የሥራ ጉዳይ ሆኖ ይታየዋል። የጦርነቱ ሁለተኛ ዘመን የጉድጓድና የሌሊት ቅኝት ጦርነት ነበር። ጥቂት ሰዎች በጨለማ ወርደው በሸለቆ ውስጥ ከጠላት ጋር ይገናኛሉ፤ ተኩሱ ሲያበቃ ቍስለኛውን በጀርባ አዝሎ፣ የሞተውን ጐትቶ፣ በመድፍ ስር ዳገቱን መውጣት አለ። ያንን ያላደረገ ጦር ሰው ይጐድልበታል፤ የጐደለውም ሰው ወይ ምርኮኛ ይሆናል፤ ወይ መቃብሩ አይታወቅም። የአሜሪካው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያውያኑ የሌሊት ቅኝት በሰፊው የጻፈው በዚህ ተደንቆ ነው። ስንት ውጊያ ተደረገ፣ በስንቱ ድል ሆነ የሚለውን ክርክር ለውትድርና ሊቃውንት እተወዋለሁ፤ ጓድን ተሸክሞ መመለስ ግን ክርክር የለበትም።

ስምምነቱ ሲፈረም ወሰኑ ወደ 38ኛው መስመር አልተመለሰም። ጦሩ በቆመበት ላይ ተሠመረና፣ ቀድሞ የደቡብ የነበረችው ኬሶንግ ለሰሜን ቀረች፤ ቾርዎን ደግሞ ወደ ደቡብ ገባች። ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ቀጠና በመካከል ተከለለ። ትክክለኛው መስመር በ1 ሺህ 292 የብረት ሰሌዳዎች ብቻ ተመልክቷል፤ ወደ ደቡብ የዞረው ፊታቸው በኮሪያና በእንግሊዝ ቋንቋ፣ ወደ ሰሜን የዞረው በኮሪያና በቻይና ቋንቋ ተጽፎበታል። የሰላም ውል እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ጥቂት ወደ ሰሜን ዶራሳን የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ፤ ሰሌዳው ሴኡል 56 ኪሎ ሜትር፣ ፒዮንግያንግ 205 ኪሎ ሜትር ይላል። ጣቢያው ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ያብረቀርቃል፤ ወደ ፒዮንግያንግ የሚሄድ ባቡር ግን የለም።

በማግስቱ ወደ ቹንቾን ሄድሁ። በዚያ በሐይቁ ዳር ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1960 ዓ.ም. የመረቁት የቃኘው ሐውልት ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ጣሪያው በእኛ አገር ጎጆ አምሳል የተሠራ የመታሰቢያ ቤተ መዘክር አለ፤ አጠገቡም «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል የቡና መሸጫ አለ። ወታደሮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ በዶንግዱቾን ወላጅ አልባ ሕፃናት ያሳደጉ መሆናቸውን የዚያ አገር ሰዎች ያስታውሳሉ። በአገራችን ግን ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መንግሥቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ የኮሪያን ሜዳልያ በደረት ላይ ማንጠልጠል ክብር መሆኑ ቀርቶ ጥርጣሬን የሚያመጣ ሆነ፤ ብዙ ዘማቾችም በሣጥን ቈለፉበት። በአፍንጮ በር የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላቸው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና አልፎታል።

የመጨረሻውን ቀን በፑሳን አሳለፍሁ። የመጀመሪያው ሻለቃ ከመርከብ የወረደባት ከተማ ስለሆነች ማየት ፈልጌ ነበር። በዚያ የተባበሩት መንግሥታት የመቃብር ስፍራ አለ፤ ከ2 ሺህ 300 በላይ ወታደሮች አርፈውበታል፤ ሣሩ የታረሰ፣ አበባው የተስተካከለ ነው። የዘመቱት አገሮች ሰንደቅ ዓላማዎች በሰልፍ ይውለበለባሉ፤ የእኛም በመካከላቸው አለ። የእንግሊዞችን፣ የቱርኮችን፣ የካናዶችን መቃብር እያነበብሁ ስሄድ፣ የኢትዮጵያውያኑ በየት በኩል ነው ብዬ አንዱን ጠባቂ ጠየቅሁት። እርሱም ወደ ሰንደቅ ዓላማው አመለከተኝና፣ መቃብር የለም፤ ዐፅማቸው ሁሉ ወደ አገራቸው ተወስዷል አለኝ።