አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ?

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ሕመምተኛ ማጓጓዣ መኪና የተደረገ ንግግር)



ሕመምተኛና ምጥ የያዛት እናት ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን የምናደርስበት መኪና በመዋጮ እንግዛ ከተባለ ወዲህ ክርክሩ በዝቷል። ገሚሱ «አሮጌው ላንድክሩዘር ብረት ነው» ይላል፤ ገሚሱ «አሮጌ ገዝቶ መከራ!» ይላል። ገንዘቡ የሁላችንም ነውና እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

70 የሚባለው የላንድክሩዘር ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። መልኩ ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሞተሩ ነው። በ1990 የመጣው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦም ኮምፒዩተርም የለውም፤ ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው። በ2023 የመጣው ግን ባለ 4 ሲሊንደርና 2.8 ሊትር ሆኖ 200 ፈረስ ያህል ያወጣል።

ታዲያ ትንሹ ሞተር በምን በለጠ? በቱርቦ ነው። ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አሮጌው ያገኘውን አየር ብቻ ስለሚስብ በእኛ ደጋ ጉልበቱ ወደ 90 ፈረስ ይጠጋል፤ ዳገት ላይ ያቃስታል። በዚህ ላይ ብዙዎቹ አሮጌዎች ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ፍሬን የላቸውም። ይህ ለአዲሱ የሚመሰክር ነው።

አሁን ደግሞ ለአሮጌው። የአዲሱ ሞተር ናፍጣ መርጫ ቀዳዳው እጅግ ደቃቅ፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። ውኃ ወይም አቧራ የገባበት የበርሜል ናፍጣ ቶሎ ያበላሸዋል። ሲበላሽም ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ይፈልጋል። አሮጌውን ግን ቁልፍ የያዘ ልምድ ያለው መካኒክ እዚሁ ይፈታዋል፤ መለዋወጫውም አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይገኛል።

ይሁን እንጂ አሮጌ ሁሉ ርካሽ አይምሰላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ እስከ 500 በመቶ እንዲከፈልባቸው ስለደነገገ፣ አገር ውስጥ ያሉትም ተወደዋል።

የእኔ አሳብ አሮጌውን እንግዛ ነው፤ ግን በሦስት ነገር። አንደኛ፣ ሻንሲው ያልተበየደ፣ ፖምፓውና ፍሬኑ በመካኒክ የተፈተሸ ይሁን። ሁለተኛ፣ መዋጮውን በሙሉ ለግዢ አናውለው፤ ለጎማ፣ ለባሌስትራና ለፊልትሮ እናስቀር። ሦስተኛ፣ ሕመምተኛ በተጫነበት ላይ እህልና ገበያተኛ አይጨመርበት፤ ጉልበቱ የሚያንሰው፣ ፍሬኑም የሚከዳው ያን ጊዜ ነው።

አዲሱ በመንገድ ላይ እንደሚበልጥ አልካድኩም። ነገር ግን በሌሊት ምጥ ሲመጣ፣ መኪናው ጥገና ፍለጋ አዲስ አበባ ከቆመ ለእናቲቱ ምን ይረባታል?

ውሳኔው የእናንተ ነው። የተለየ አሳብ ያላችሁ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለዕድሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።