የእንግዳው ልጅ ትምህርትና የአጥቢያችን ድርሻ

(በድሬዳዋ ከተማ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፤

ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ከሀገራቸው ወይም ከቀያቸው ተሰደው በከተማችን ስለሚማሩ ልጆች፣ እነርሱንም ያለ ክፍያ ስለ ማስጠናት ነው። ነገሩ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከአገር አገር የሚሻገረው የቆሎ ተማሪ በደረሰበት ሁሉ ባይተዋር ነበር። መምህሩ ክፍያ አይጠይቁትም፤ ቁራሹን የሚሰጠው የአጥቢያው ሰው ነው፤ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪም ለኋለኛው ያስቀጽላል። ዛሬ በጎ ፈቃደኛ አስጠኚ የምንለው ሰው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ የቆሎ ተማሪ ትምህርት ፍለጋ ከቤቱ ወጣ፤ ይህ ልጅ ደግሞ ከቤቱ በመውጣቱ ትምህርቱን አጣ።

ድሬዳዋ ራሷ በእንግዶች የቆመች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ሕንዱም ከአገሬው ጋር አብሮ ሰፈረባት። ዛሬ የሚመጡትም በአንድ ስም የሚጠሩ አይደሉም። ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ አሉ፤ ለእነዚህ ወገኖች በሶማሌ ክልል የቀብሪ በያህ መጠለያ በ1983 ዓ.ም. ከተከፈተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የገቡትን የኦሮሞ ቤተሰቦች ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱ እናቶች ይዘዋቸው የመጡ፣ ከአማርኛ ይልቅ ዓረብኛ የሚቀናቸው ልጆችም አሉ። በሕግ ስማቸው ይለያያል፤ ስደተኛ፣ ተፈናቃይ፣ ከስደት ተመላሽ። በክፍል ውስጥ ግን ችግራቸው ይመሳሰላል።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ ልጅ ጋር እኩል እንዲስተናገድ ደንግጓል። ኮሚሽናችንም በመጠለያዎች በትምህርት ሥራ ሲሳተፍ ኖሯል። ይሁን እንጂ መመዝገብ አንድ ነገር ነው። የተመዘገበው ልጅ መስከረም ላይ ገብቶ ጥር ላይ ሲቀር አዋጅም ኮሚሽንም ፈጥኖ አይደርስለትም፤ መቅረቱን አስቀድሞ የሚያየው ጎረቤቱ ነው።

ለምን ይቀራል? ብዙ ጊዜ «አይገባውም» ይባላል። በዚህ ቃል ባንቸኩል እወዳለሁ። በከተማችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ነው። በላቲን ፊደል ሶማሊኛ ማንበብ የለመደ ልጅ አማርኛ ሲጀምር 231 የፊደል ቅርጾች ይጠብቁታል። ሰባት በስምንት ሲባዛ ሃምሳ ስድስት መሆኑን በራሱ ቋንቋ ያውቃል፤ ስምንት ኩንታል እህል ስለ ገዛ ነጋዴ የተጻፈውን ጥያቄ ግን ማንበብ አይችልም። ወረቀቱ ባዶውን ይመለሳል፤ ሂሳብ አያውቅም ይባላል።

ስለዚህ አስጠኚው አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው ልጁ የጎደለው ቋንቋ ይሁን ወይስ የትምህርት ዓመት ነው። ቋንቋ የጎደለው ልጅ ጥያቄውን በሚያውቀው ቋንቋ በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል። ዓመት የጎደለው ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ ክፍልፋይን አልተማረም፤ ለእርሱ ካቆመበት መጀመር ግድ ነው። ሁለቱን በአንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠት ሁለቱንም ማባረር ነው።

ለዚህ ሥራ ከተማችን ያላት ሀብት ቀላል አይደለም። የድሬ ልጅ ሦስት ቋንቋ እያቀላቀለ ነው የሚያድገው። ሶማሊኛ የሚናገር አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለ5ኛ ክፍሉ ልጅ ከባለ ዲግሪው ይልቅ ሊጠቅመው ይችላል። ፊደል ለማስቆጠር ደግሞ ከዲያቆናቱ የሚሻል የለም። ከፊደል ቀጥሎ የሚከፈተው መጽሐፍ ግን እንደ ልማዳችን መልእክተ ዮሐንስ ሳይሆን፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የያዘው የተማሪ መጽሐፍ ይሁን።

ይህን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ማስጠናቱ ስብከት እንዳልሆነ ለወላጅም ለአስጠኚም ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር። ይህን ማለት በእምነታችን ማፈር አይደለም፤ አደራ መጠበቅ ነው። የእኛ ልጅ ሂሳብ ሊማር ተልኮ ሌላ ነገር ተምሮ ቢመለስ ምን እንደምንል እናውቃለንና። ክፍሉ ከቅጽሩ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ዓርብ ቀትርና የረመዳን ማምሻ ላይ መርሐ ግብር አይያዝ።

«የራሳችን ልጆች ሳይጠኑ?» የሚል ምእመን ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ የእኛም ልጆች በዚያው ወንበር ይቀመጡ። ከዚህ የሚከብድ ግን አለ። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ካህናትም ሲገደሉ የደረሰውን ሐዘን ይዞ የሚኖር ሰው በመካከላችን አለ። እርሱን «ርሳው» ልንለው አይገባንም፤ አስጠኚ እንዲሆንም አይገደድ። ነገር ግን ከሞቃዲሾ የሸሸ ልጅ ስለ ጅግጅጋው ጥፋት የሚጠየቅበት ምክንያት የለም፤ እርሱም ከእሳት የሸሸ ነው። ካህናት ይህን ለምእመናን የማስረዳት ሥራ ከአስጠኚዎቹ ቀድሞ የእናንተ መሆኑን በትሕትና አሳስባለሁ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር። የከተማችን ፀሐይ ከ10 ሰዓት በፊት ማንንም አያስጠናም። ክፍሉ በሩ የተከፈተ፣ ዘወትርም ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ይሁን። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። አስጠኚው ደመወዝ ባይከፈለውም የባጃጅ ሒሳቡን ሰበካ ጉባኤው ይሸፍንለት፤ በጎ ፈቃደኛን የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ ይህች ትንሽ ወጪ ናት። በሳምንት አምስት ቀን ጀምሮ በሁለት ወር ከማቆም በሳምንት አንድ ቀን ዓመቱን ሙሉ መዝለቅ ይሻላል። እነዚህ ልጆች ብዙ ሰው ድንገት ተለይቷቸዋል፤ አስጠኚያቸውም ሳይነግራቸው ባይቀርባቸው ይገባል።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኃ ጽጌ የእመቤታችንንና የልጇን ስደት የምናስብበት ነው። ምዝገባው በዚሁ ወቅት ተጠናቅቆ፣ በኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ማስጠናቱ የተጀመረ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዛሬ ከእያንዳንዱ አጥቢያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሊከፈት የሚችል ክፍል አለን ወይ? ሶማሊኛና አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ወጣቶቻችንስ ስንት ናቸው? ከሻይ በኋላ በየአጥቢያችሁ ተቀምጣችሁ መልሱን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠብቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።